የሰውን ባህሪ ሲያብራሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጉዳቱን እያወቀ ሰው ለምን ሲጋራ ያጨሳል? የነርቭ ሳይንስ ባለሙያው ኒኮቲን በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ደርሶ ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል እንደሚያስለቅቅ ይነግርዎታል። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ከምግብ በኋላ ወይም ጭንቀት ሲመጣ ሳይታሰብ እጅን ወደ ኪስ ስለሚሰድ ልማድ ታወራለች። ሶሲዮሎጂስቱ ጓደኞቹ እነማን እንደሆኑና ኑሮው እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል። ኢኮኖሚስቱ ዋጋውን ያያል፤ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሲጋራ ዋጋ 10 በመቶ ሲጨምር ፍጆታው 4 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶች አግኝተዋል። አንትሮፖሎጂስቷ ደግሞ ከአጫሾቹ መካከል ተቀምጣ፣ ሲጋራ መጋበዝም ሆነ ግብዣውን እምቢ ማለት በእነሱ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ትመዘግባለች።

ከአምስቱ አንዱም አልተሳሳተም። ችግሩ የሚመጣው መልሶቹን ስናፎካክርና ከቦታቸው ስናዛውር ነው። በተማሪዎች የጥናት ወረቀትም ሆነ በዜና ዘገባ ላይ ደጋግመው የሚታዩት ስህተቶች የሚከተሉት ናቸው።

ለተለያዩ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶችን ማፎካከር

"የአንጎል ጉዳይ ነው ወይስ የማኅበረሰብ?" የሚለው ክርክር ብዙውን ጊዜ ፍሬ የለውም። የእንስሳት ባህሪ አጥኚው ኒኮ ቲንበርገን እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ ባህሪ በአራት አቅጣጫ ሊጠየቅ እንደሚችል አሳይቷል፦ አሁን የሚቀሰቅሰው ምንድን ነው? በግለሰቡ ዕድሜ ውስጥ እንዴት እየተፈጠረ መጣ? ለመኖርና ለመራባት ምን ይጠቅማል? በዝርያው ታሪክ ውስጥስ ከየት ተነሣ? የአንዱ መልስ የሌላውን አይሽርም።

ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት ጥያቄዎ ላይ "ከማን ጋር ሲነጻጸር?" የሚለውን ይጨምሩበት። "ይህ ሰው ለምን አሁን አጨሰ?"፣ "እሱ ሲጀምር ወንድሙ ለምን አልጀመረም?"፣ "በአንድ አገር ውስጥ ወንዶች ከሴቶች ይልቅ ለምን በብዛት ያጨሳሉ?" ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ለሦስተኛው የኒኮቲንን ኬሚስትሪ ብቻ መተንተን አያዋጣም፤ ኒኮቲን የሴቷንም አንጎል ሱሰኛ ያደርጋልና። እውነተኛ ፉክክር የሚኖረው ሁለት ማብራሪያዎች ለአንድ ጥያቄ የተለያየ ውጤት ሲተነብዩ ብቻ ነው። ያኔ መከራከሩ ዋጋ አለው።

ስለ ቡድን የተገኘውን ለግለሰብ ማልበስ

ቁጥር ይዞ ስለሚመጣ ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስተው ይህ ነው። ሶሲዮሎጂስቱ ዊልያም ሮቢንሰን በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ የ1930ውን የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ወስዶ፣ በውጭ አገር መወለድ ማንበብና መጻፍ ካለመቻል ጋር ምን ተዛምዶ እንዳለው አሰላ። 48ቱን ግዛቶች ሲያነጻጽር ተዛምዶው −0.53 ገደማ ሆነ፤ ማለትም የውጭ ተወላጅ በበዛበት ግዛት ማንበብ የማይችለው ሰው ጥቂት ነው። ይህን ብቻ ያየ አንባቢ "ስደተኞቹ የተማሩ ናቸው" ብሎ ይደመድማል። ሰዎቹ አንድ በአንድ በተናጠል ሲታዩ ግን ተዛምዶው +0.12 ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ምልክቱ ራሱ ተገለበጠ፤ ማለትም ማንበብ አለመቻል በስደተኞቹ ዘንድ በመጠኑ ይበዛ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ስደተኞቹ በብዛት የሰፈሩት ነባሩ ሕዝብ ማንበብ በሚችልባቸው ግዛቶች ነበር።

እንግዲህ ማንኛውንም ሠንጠረዥ ሲያነቡ መጀመሪያ አንዱ ረድፍ ማንን እንደሚወክል ይፈትሹ፤ ሰውን ነው፣ ቤተሰብን፣ ትምህርት ቤትን ወይስ አገርን? መደምደሚያዎ መናገር ያለበት ስለዚያው ነው። ተቃራኒውም ስህተት ነው። ገቢው የቀነሰ አንድ ቤተሰብ ወጪውን ቢቆጥብ ብልህ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢቆጥቡ ግን የአንዱ ወጪ የሌላው ገቢ ስለሆነ የሁሉም ገቢ ያሽቆለቁላል።

"50 በመቶው በዘር ነው" ሲባል የእኔን ግማሽ ማለት ነው ብሎ መረዳት

የውርስ ድርሻ የሚለካው በአንድ ሕዝብ ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት የኑሮ ሁኔታ ሥር፣ በሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህሉ ከዘር፣ ማለትም ከወላጅ ከሚወረሰው ጂን፣ ልዩነት ጋር እንደሚሄድ ነው። የአንድ ሰው ባህሪ ከምን እንደተሠራ አይነግረንም። የእጅ ጣቶቻችንን ቁጥር የወሰነው ዘር ነው፤ ሆኖም ጣት የሚጎድላቸው ሰዎች አብዛኞቹ በአደጋ ያጡት ስለሆኑ የልዩነቱ የውርስ ድርሻ ዝቅተኛ ነው። ሌላም አለ፦ የልጆች አስተዳደግና ትምህርት እኩል እየሆነ በሄደ ቁጥር የውርስ ድርሻው ከፍ ይላል። ዘሩ አልተለወጠም፤ የቀነሰው ከአካባቢ የሚመጣው ልዩነት ነው።

የአንጎል ምስልን እንደ ማስረጃ ሁሉ ቁንጮ መቁጠር

በ2009 ተመራማሪዎች የሞተ ሳልሞን ዓሣ የአንጎል መቅረጫ ማሽን ውስጥ አስገብተው የሰዎችን ፎቶ "አሳዩት"፤ የስታቲስቲክስ እርማት ሳይደረግ ሲሰላ በዓሣው አንጎል ውስጥ "ንቁ" ነጥብ ወጣ። በሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች አንድ በአንድ ሲፈተኑ ጥቂቶቹ በአጋጣሚ መብራታቸው አይቀርም። በተጨማሪም አሚግዳላ ስለተባለው የአንጎል ክፍል "አሚግዳላው ስለነቃ ሰውየው ፈርቷል" ማለት ወደ ኋላ የሚሄድ ድምዳሜ ነው፤ ያው ክፍል በሌሎች ብዙ ስሜቶችና ሥራዎችም ይነቃል።

ኢኮኖሚክስ ስለ ገንዘብ ብቻ ያወራል ብሎ ማሰብ

ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ2000 ያሳተሙትን ጥናት እንመልከት። በእስራኤሏ ሃይፋ ከተማ በ10 የሕፃናት ማቆያዎች ወላጆች ልጆቻቸውን ለመውሰድ ስንት ጊዜ እንደሚዘገዩ ለ4 ሳምንታት ቆጠሩ። ከዚያም በ6ቱ ማቆያዎች ከ10 ደቂቃ በላይ ለዘገየ ወላጅ 10 ሸቀል (የአገሪቱ ገንዘብ) ቅጣት ተጣለ። መዘግየት ይቀንሳል ተብሎ ሲጠበቅ ወደ እጥፍ ገደማ አደገ። ቅጣቱ ከተነሣ በኋላም አልተመለሰም። አንዱ አሳማኝ ማብራሪያ ቀድሞ መምህሯን ማስጠበቅ ያሳፍር ነበር፣ አሁን ግን የሚገዛ አገልግሎት ሆነ የሚል ነው። የማኅበራዊ ደንብ ጉዳይ የሶሲዮሎጂ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ይህን ውጤት ይዞ "ቅጣት አይሠራም" ማለት ግን ሌላ ስህተት ነው፤ የተፈተነው አነስተኛ ቅጣት ነው።

የተናገሩትን እንዳደረጉት መቁጠር

ሶሲዮሎጂስቱ ሪቻርድ ላፒየር በ1934 ባሳተመው ጥናት ከአንድ ወጣት ቻይናዊ ባልና ሚስት ጋር አሜሪካን እየዞረ 251 ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ገብቷል፤ የከለከላቸው አንድ ብቻ ነበር። ኋላ ግን ቻይናውያንን ታስተናግዳላችሁ ወይ ብሎ በደብዳቤ ሲጠይቅ፣ ከመለሱት ከ90 በመቶ በላዩ "አናስተናግድም" አሉ። ደብዳቤውን የመለሰው ሰው እንግዶቹን የተቀበለው ላይሆን ይችላል፤ ነጭ አስተማሪ የሆነው ላፒየር አብሯቸው መሆኑም ሳይረዳቸው አልቀረም። ቢሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ መረጃዎ ከመጠይቅ ከመጣ "ያጨሳሉ" ሳይሆን "እናጨሳለን ብለዋል" ብለው ይጻፉ። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ደረሰኝ፣ የመገኘት መዝገብ ወይም ቀጥታ ምልከታ ይጨምሩበት።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪን የሰው ልጅ ወኪል ማድረግ

በአንድ የታወቀ ሙከራ አንዱ ሰው የተሰጠውን ገንዘብ ከማያውቀው ሰው ጋር እንዲካፈል ይጠየቃል፤ ተቀባዩ እምቢ ካለ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ተማሪዎች በአማካይ ከ40 እስከ 50 በመቶ ያቀርባሉ። ሙከራው በ15 ትንንሽ ማኅበረሰቦች ሲደረግ ግን የፔሩ ማቺጌንጋዎች 26 በመቶ ብቻ ሲያቀርቡ፣ በኢንዶኔዥያ ዓሣ ነባሪ አዳኝ የሆኑት ላማሌራዎች 58 በመቶ አቀረቡ። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደግሞ ከግማሽ በላይ ሲቀርብላቸው እንኳ እምቢ ያሉ ነበሩ፤ በዚያ ትልቅ ስጦታ ትልቅ ግዴታ ያስከትላልና። "ሰው እንዲህ ነው" የሚል አርእስት ሲገጥምዎ፣ ወደ ውጤቱ ከማለፍዎ በፊት ተሳታፊዎቹ እነማን እንደነበሩ፣ ስንት እንደነበሩና እንዴት እንደተመረጡ የሚገልጸውን ክፍል ያንብቡ።