ሜዳ ላይ የሚደክም ተሳቢ፦ ሞተር ከመፍታትህ በፊት ጣሪያውን እይ

"ዳገቱን ደህና ይወጣል፤ ሜዳ ላይ ፍጥነት ስጨምር ነው የሚደክመው፣ ናፍጣም ይጠጣል።" ከጅቡቲ መስመር የመጣ ሹፌር ይህን ካለኝ ቁልፍ አላነሳም። ፊልተር፣ የጎማ ንፋስና የሚይዝ ፍሬን ታይቷል ብዬ፣ ጋቢናው ጣሪያ ላይ ወዳለው ስፖይለር (ንፋሱን ከጭነቱ በላይ ወደሚያሳልፈው ክዳን) ቀና እላለሁ።

ቱርቦው (ለሞተሩ አየር የሚገፋው) ወይም ኖዝሉ (ናፍጣ የሚረጨው) የደከመ መኪና መጀመሪያ የሚያዋርድህ ዳገት ላይ ነው። ንፋስ ግን ፍጥነት ይፈልጋል፦ ከ40 ወደ 80 ስትገባ ተቃውሞው አራት እጥፍ፣ እሱን ለመግፋት የሚሄደው የሞተር ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል።

አንድ ባለንብረት ሁለት ጋራዥ ዞሮ፣ ቱርቦ ቀይሮ፣ ኖዝል አስፈትሾ መጣ። ሹፌሩን "ናፍጣ ትሸጣለህ" ብሎ ሊያባርረው ነው፤ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ጎማ ይመታል። የኮንቴይነሩን ግንባር አየሁት። ከላይ ወደ ግማሽ ሜትር የሚሆነው በተጨፈለቀ ነፍሳት ጠቁሯል፤ ከዚያ በታች ንጹሕ። ስፖይለሩ ተኝቶ ንፋሱ በሙሉ እዚያ ግንባር ላይ ይጋጭ ነበር! የማስተካከያው ብሎን ከነዘንጉ ዝጎ ተጣብቋል፤ ዘይት አጠጥተን ስናድር ተላቀቀ።

ይህ ነገር ሁልጊዜ ይመላለሳል፤ ምክንያቱም መደበኛው ኮንቴይነር 2.59 ሜትር፣ ረጅሙ 2.90 ነው። ባለፈው ጉዞ ልክ የነበረው ዛሬ በ30 ሳንቲሜትር ያጥራል። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ቀጥ አድርገህ አቁም፤ የአምራቹ ሰንጠረዥ ካለ በእሱ ሂድ። ከሌለ ግንባሩን እጠብ (አለዚያ የድሮ ነፍሳት ይዋሹሃል)፣ የገዋኔን ሜዳ ንዳና ተመልከት። ከላይ ከጠቆረ ስፖይለሩን በማስተካከያው ዘንግ ላይ አንድ ቀዳዳ ከፍ አድርግ፣ እንደገና ንዳ። "ይብቃው" ብለህ እስከ መጨረሻው አትስቀለው፤ ከጭነቱ በላይ የቆመ ስፖይለር ራሱ ንፋስ የሚይዝ ሸራ ነው። ባዶ ተሳቢ ይዘህ ወደ ወደብ ስትወርድማ አስተኛው። ይህን የሚያደርግ ሹፌር በጣት ይቆጠራል።

ከጋቢናው ጎን ወደ ኋላ የወጣው የንፋስ መከለያ ክንፍ ኩርባ ላይ ተሳቢውን ከነካ ማጠፊያው ላልቷል፤ አጥብቀው።

ሲንቀጠቀጥ የሚጮኸውን ስፖይለር ግን አትናቀው። ከፍታው የማይስተካከል ርካሽ ፋይበር በአራት ብሎን ቆርቆሮ ላይ አስረው ይሸጣሉ፤ ብሎኑ ዙሪያ ይሰነጠቃል። በሽቦ የታሰረ አይቻለሁ! የአፋር ንፋስ ነቅሎ ከኋላ በሚመጣው መስታወት ላይ ይከምረዋል። ጣሪያው ላይ ስትወጣም ሞተር አጥፋ፣ ቁልፉን ኪስህ ክተት፤ ረዳቱ እላይ እያለ መኪና ያንቀሳቀሰ ሹፌር አውቃለሁ።