ስለ ጅቡቲ ሲተነተን የሚሠሩ ስህተቶች፦ ከድሬዳዋ ሆኖ ለሚሰማ ሰው

የባሕር በር ወሬ በተነሳ ቁጥር የቴሌቪዥኑም የዩቲዩቡም ተንታኝ ጅቡቲን በአንድ ቃል ይጨርሳታል፤ ወይ "ቁራጭ መሬት"፣ ወይ "የእኛ ወደብ ጠባቂ"። አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ይህ ያስቅ ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ ግን ከሚሰሙት ብዙዎቹ እህታቸው ወይም አጎታቸው ከድንበር ከተማዋ ከደወሌ ማዶ የሚኖር ናቸው። ጅቡቲ አትተች ማለቴ አይደለም። የወደብ ታሪፉም፣ የሾፌሮቻችን እንግልትም ይነገር። ችግሩ የናቀ ሰው የሚተቸውን ነገር ለማጥናት አይደክምም፤ ስለዚህ ትችቱም ውሃ አያነሳም። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

"ያለ እኛ አንድ ቀን አያድሩም"

በጣም የሚዘወተረው ይህ ነው፤ ግማሽ እውነት ስላለውም ሰው ቶሎ ይቀበለዋል። ከ2004 ጀምሮ በድሬዳዋ በኩል በሚያልፈው መስመር መብራት እንሸጥላቸዋለን። ውሃም ከሶማሌ ክልል ሀዲጋላ ጉድጓዶች በቧንቧ ይወርድላቸዋል። ሽንኩርቱና ቲማቲሙም ከዚሁ ነው የሚሄደው።

ሌላውን ግማሽ ግን ተንታኙ ይዘለዋል። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋና ጭነታችን ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬም ከባሕር ማዶ ከምናስገባው ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው በዚያው ነው፤ ማዳበሪያው፣ ስንዴው፣ ነዳጁ። "መብራቱን ብንቆርጥባቸውስ?" ብሎ የሚፎክር ሰው በማግስቱ ቦቴው በየት በኩል እንደሚመጣ አይነግረንም። ኧረ አቦ፣ ነዳጅ ሁለት ቀን ሲዘገይ የድሬ ባጃጅ ምን እንደሚሆን እናውቃለን!

"አይደፍሩንም" የሚለውም ከዚሁ የሚመዘዝ ነው። በየካቲት 2010 ጅቡቲ የዱባዩን የወደብ ኩባንያ ዲፒ ወርልድን ከዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል አስወጣች። ኩባንያው ለንደን ላይ በግልግል ዳኝነት ቢረታትም ተርሚናሉን አልመለሰችም። ያደረገችው ልክ ነው ወይስ ጥፋት፣ እሱ ሌላ ክርክር ነው። ከእሷ ጋር ለድርድር የሚቀመጥ ሰው ግን ይህን ሳያነብ "ትንሽ አገር ናት" ብሎ ከሄደ ባዶ እጁን ይመለሳል።

መጓተቱን ሁሉ ወደቡ ላይ መለጠፍ

ኮንቴይነር ዶራሌ ላይ ሲከርም ተንታኙ "ያዙብን" ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ግን የጉምሩክ ሰነድ የሚያስጨርሰውን ትራንዚተር ጠይቁት። ባንክ የውጭ ምንዛሪ እስኪፈቅድ፣ ሰነድ እስኪሟላ፣ የጭነት መኪና እስኪገኝ የሚባክነው ጊዜ የእኛው ነው። ባቡሩን ለጭነት የሚበቃ አድርገን እያሠራነው ነው ወይ የሚለው ጥያቄም አለ። ዲመሬጁ (የመዘግየት ቅጣቱ) ሲቆጠር ሂሳቡ የሚመጣው ከጅቡቲ ስለሆነ ጥፋቱም ከዚያው የመጣ ይመስላል። ድሬዳዋ ደረቅ ወደብ ያላት ከተማ ናት፤ ይህን የሚያስረዳ ሰው እዚህ አይጠፋም፣ የሚጠይቀው ጋዜጠኛ ነው የጠፋው።

በጦር ሰፈሩ መሳለቅ

ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ጣሊያን፣ ከ2009 ወዲህ ደግሞ ቻይና፤ ሁሉም እዚያ ሰፍረዋል። በ2006 በታደሰው ውል አሜሪካ ለጦር ሰፈሯ ለካምፕ ሌሞኒየር በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምታለች። ተንታኙ "አገሯን ያከራየች" ብሎ ይስቃል። እስቲ ከሳቁ በኋላ ካርታውን ይመልከቱት። ሕዝቧ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ አገር ዓለም ላይ የሚፋጠጡትን አሜሪካንና ቻይናን በአንድ ከተማ ዙሪያ አስቀምጣ ከሁለቱም ጋር ትነጋገራለች። የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት ድርጅት የኢጋድ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። በ1992 የሶማሊያ የሰላም ጉባኤ የተካሄደው እዚያው ጅቡቲ፣ አርታ ላይ ነው። በየካቲት 2017 ደግሞ የጅቡቲው ማሕሙድ አሊ ዩሱፍ ኬንያዊውን ራይላ ኦዲንጋን አሸንፈው የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሆኑ፤ ቢሯቸውም አዲስ አበባ ነው።

መተቸት ለሚፈልግ ቁም ነገር ሞልቷል። ከ1991 ጀምሮ ፕሬዚዳንቱ አልተለወጡም፤ የቻይና ብድሩም ከባድ ነው። ይህን ለማንሳት ግን ማንበብ ይጠይቃል፣ ቀልዱ ይቀላል።

"ድሮም የእኛ ናት"

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ፈረንሳይ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ በ1854፣ የዛሬዋ ጅቡቲ ክፍል የሆነችውን ኦቦክን ከአፋር ባላባቶች ጋር ተዋውላ ያዘች። በ1889 አፄ ምኒልክ ከፈረንሳዩ ላጋርድ ጋር ወሰኑን ፈረሙ። ሰኔ 20 ቀን 1969 ጅቡቲ ነጻ ወጣች። የባሕር በር ጥያቄ በሕግም በጥቅምም ሊሟገቱለት የሚገባ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ዓይነት ፉከራ ሲጀመር ግን የሚሰማው ጎረቤት በሩን ይዘጋል። በነሐሴ 2016 ጅቡቲ የታጁራን ወደብ አማራጭ አድርጋ ስታቀርብ በቁጥር ከመመርመር ይልቅ ስንቶቹ ገና ሳያዩት አጣጣሉት!

የጫት ቀልድ

"ሲቅሙ ይውላሉ፣ ምን ይሠራሉ" የሚለውን ከሐረርጌ ሰው አፍ ስሰማ ይገርመኛል። ጫቱ ከአወዳይ አይደል የሚሄደው? ሻጩ ገንዘቡን ቆጥሮ ኪሱ ከከተተ በኋላ ደንበኛውን መሳደቡ ለንግድም አይበጅ።

"ድሆች ናቸው"

የድሬው ታይዋን ገበያ ወርዶ ይህን መናገር ከባድ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በ177.721 ታስሮ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቷል። የእኛ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ በጥቂት ወራት ውስጥ የዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ሆነ። እዚያም ድህነት አለ፣ ያውም የሥራ አጡ ወጣት ብዛት የሚያሳዝን ነው። ግን ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመጣ የድሬ ነጋዴ በየትኛው ገንዘብ መቆጠብ እንደሚመርጥ ያውቃል።

አይሰሙንም ብሎ ማሰብ

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሰው ብርቅ አይደለም። ሙቀቱ ሲበረታ ቤተሰብ ይዘው ወደ ድሬና ሐረር የሚመጡት፣ እዚህ ተምረው የተመለሱት፣ ወገኖቻቸው ከዚህ ያሉት ሁሉ ይሰማሉ። ፕሬዚዳንት ኢስማኤል ኦማር ጌሌ ራሳቸው የተወለዱት ድሬዳዋ ነው። ምሽት ላይ የተሰደበው ስድብ በማግስቱ ደወሌ ኬላ ላይ ወረቀቱን ይዞ የቆመ ኢትዮጵያዊ ሾፌርን ይጠብቀዋል፤ ተንታኙ እዚያ የለም።

ስለዚህ የፕሮግራም አዘጋጅ ልሁን የሚል ሰው ካለ ቀላል ነገር ይሞክር። አምስት እንግዳ ሲጋብዝ አንዱን ከጅቡቲ በስልክ ያስገባ፤ አማርኛ የሚችል አይጠፋም። ሌላውን ከድሬዳዋ የጭነት ሾፌሮች ወይም ትራንዚተሮች ይጥራ። "ወንድም ሕዝብ" የሚለውን መግቢያ ደግሞ ይተወው፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ስድብ መሆኑን አድማጩ ተምሮታል።