ባሏ የደበደባት ሴት ደጃችሁ ስትመጣ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

አገራችን ውስጥ ባሏ የሚመታት ሴት ቶሎ ፖሊስ ጣቢያ አትሄድም። ብትሄድ ብትሄድ ጎረቤት ወይም እናቷ ቤት ነው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ትዳር ከያዙ ሴቶች 34 በመቶዎቹ ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ደግሞ 66 በመቶዎቹ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። እንግዲህ አንዷ ደፍራ እናንተ ጋ ከመጣች፣ የምትሰጧት መልስ ብዙ ነገር ይወስናል። ይህን የምጽፈው ለጎረቤት፣ ለእህት፣ ለሚዜና ለሽማግሌ ነው።

“ምን አድርገሽው ነው?”

ሳናስበው ከአፋችን ይወጣል። “ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል” ሲባል እየሰማን ስላደግን አይገርምም። በዚያው ጥናት ወጥ ካሳረረች፣ ከተከራከረችው፣ ሳትነግረው ከወጣች፣ ልጆቹን ችላ ካለች ወይም አልጋ ላይ እምቢ ካለች፣ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ሲሆኑ ሴቶቹ 63 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ እሷ ራሷ “ጥፋቱ የኔ ይሆን?” እያለች ሊሆን ይችላል የመጣችው። ጥያቄያችሁ ይህንኑ ያጸናባታል። ይልቅ “የት ጋ ነው የመታሽ? ልጆቹ የት ናቸው? ዛሬ ማታ ተመልሰሽ መግባት ያስፈራሻል?” በሏት።

“ጠጥቶ ነው እንጂ ሰውየውስ ጥሩ ነው”

ጠጥቶ አለቃውን አይመታም። ሌላ ምን ይባላል?

ሽማግሌ ሰብስቦ በአንድ ቀን ማስታረቅ

ሽማግልና በራሱ ክፉ አይደለም፣ ስንት ጠብ አብርዷል። ጣጣው አካሄዱ ላይ ነው። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሦስት አራት ትልልቅ ሰዎች ሳሎን ይቀመጣሉ፣ እሱ መሐላቸው አንገቱን ደፍቶ፣ እሷ ያበጠ እጇን በነጠላዋ ሸፍና ቡና ታቀርባለች። ከዚያ እዚያው እሱ ፊት “በይ ልጄ፣ ተናገሪ” ትባላለች። ማታ ከሱ ጋር በር ዘግታ የምታድር ሴት ምን ትናገር? “ምንም አይደል፣ አልፏል” ትላለች። እሱ ጉልበት ይስማል፣ ይመረቃል፣ ሽማግሌዎቹ ይሄዳሉ። በማግስቱ “ገመናዬን አደባባይ አወጣሽው” ተብሎ ዱላው ይቀጥላል። ሽማግሌ ከሆናችሁ ለየብቻ አነጋግሯቸው፣ መጀመሪያ እሷን። መታረቅ አልፈልግም ካለች ተቀበሏት፤ “ለልጆችሽ ብለሽ” እያላችሁ አታስጨንቋት፣ ልጆቹ እኮ ከግድግዳው ወዲያ ሆነው ሁሉንም ይሰማሉ። ቢላ ከመዘዘ፣ አንገቷን ካነቃት ወይም ነፍሰ ጡር ሆና ከመታት ግን ነገሩ ከሽማግሌ እጅ ወጥቷል። በተለይ አንቆ የሚያውቅ ሰው ሊገድል ይችላል።

“የቤት ጉዳይ ነው፣ ሕግ አይገባበትም”

ገብቶበታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር አጋር ወይም አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚደርስ ጉዳት እንደማንኛውም የአካል ጉዳት ወንጀል እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። ይኸው ሕግ ባል ሚስቱን አስገድዶ ሲደፍር ግን በወንጀል አይቆጥረውም፣ ይህ እስካሁን አለመስተካከሉ በጣም ያሳዝነኛል።

“ፊትሽን ታጠቢና ተኚ፣ ነገ ይታሰብበታል”

በደግነት ነው የምንለው፣ ማስረጃው የሚጠፋው ግን እንዲህ ሲባል ነው። እብጠት ይጎድላል፣ የበለዘም ይለቃል። ቁስሉን ወዲያው በስልክ ፎቶ አንሱላት፤ ደም የነካው ልብስ አይታጠብ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዷት፣ ስትጠየቅም “ከደረጃ ወድቄ ነው” አትበል፣ “ባሌ መታኝ” ብላ ካርዷ ላይ ታስጽፍ። ፖሊስ ጣቢያ ካመለከተች የሕክምና ማስረጃ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይጻፍላታል። አስገድዷት ከሆነ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ስለዚህ ማደር የለም። አዲስ አበባ ላይ ጋንዲ ሆስፒታል ውስጥ ሕክምናውንም የፖሊሱንም ጉዳይ አንድ ቦታ የምትጨርስበት ማዕከል አለ፤ ታሪኳን በየቢሮው እየደጋገመች መናገር አይጠበቅባትም።

“ቤቱን ጥለሽ ከወጣሽ ንብረቱ ይቀርብሻል”

ይህ ወሬ ስንቷን ዱላ ውስጥ አስቀምጧል! በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ ንብረት በፍቺ ጊዜ እኩል ይካፈላል ነው የሚለው። ሸሽታ መውጣቷ ድርሻዋን አያሳጣትም። ፍርድ ቤቱ ከሁለቱ አንዱ ከቤት እንዲወጣ ሲወስንም የልጆቹን ጥቅምና የበለጠ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ያያል። አቅም ለሌላት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል። መጠጊያ ላጣች ደግሞ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር መጠለያ አለው።

ወጣች ሲባል “ተገላገለች” ማለት

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይዘናጋል። ሴት ጥላ የወጣችበት ሰሞን ነው አደጋው የሚብሰው። እ.ኤ.አ. በ2011 አዲስ አበባ ላይ ዓይኗን ያጣችውን የበረራ አስተናጋጅ አስታውሱ፣ ጥቃቱን ያደረሰባት የቀድሞ ባሏ ነበር። ስለዚህ ከወጣች በኋላም አትራቋት። ያረፈችበትን ሰፈር ለዘመድም ቢሆን አታውሩ። እሱ እያለቀሰ ደውሎ “ደህና መሆኗን ብቻ ንገሩኝ” ቢላችሁ “አላውቅም” በሉትና ዝጉት፣ ወዲያው ለሷ ንገሯት። የልጆቹ ትምህርት ቤትም ማን መጥቶ ሊወስዳቸው እንደሚችል በጽሑፍ እንዲይዝ አስደርጉ፣ ብዙ ጊዜ መንገድ ጠብቆ የሚያገኛት ልጆቿን ልትወስድ ስትሄድ ነውና።