ያገለገለ ቀጭን ስልክ ከመግዛትዎ በፊት እንዴት ይፈትሹታል?

ቀጭን ስልክ ሲያዩት ያምራል፤ ውፍረቱ ሲቀነስ ግን ብዙውን ጊዜ ቦታ የሚያጣው ባትሪው ነው። ፍተሻውን ከአካሉ ይጀምሩ።

ከቨሩን አውልቀው ስልኩን በስክሪኑ በኩል ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ድፍት ያድርጉት። በጀርባው ካስቀመጡት ካሜራው ወጣ ስለሚል ቀጥ ያለውም ስልክ ይወዛወዛል። አራቱንም ጥግ በጣትዎ ጫን ጫን ያድርጉ። ከተንገጫገጨ ወይም መሃሉ ላይ ብርሃን ካሳለፈ ጎብጧል፤ የኋላ ኪስ ውስጥ ሳለ ተቀምጠውበት ይሆናል። ስክሪኑ በአንድ ጎን ከጠርዙ ተነስቶ ከታየ ግን ባትሪው ሳያብጥ አይቀርም። ተጭነው ለመመለስ አይሞክሩ፤ ቻርጅም አያድርጉት፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። እዚህ ላይ የዋጋ ክርክር የለም፤ ይተዉት።

ቀጥሎ የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ጨምረው 10 ደቂቃ ቪዲዮ ይቅረጹ። ሞቅ ማለቱ ያለ ነው፤ ቀጭን አካል ሙቀት የሚበትንበት በቂ ቦታ የለውም። እጅ እስኪያቃጥል ከጋለ፣ ወይም ቻርጁ ከ40 በመቶ ድንገት ወደ 25 ከወረደ ባትሪው ደክሟል።

ግራጫ ፎቶ በሙሉ ስክሪን ይክፈቱ። ስክሪኑ ላይ ታትሞ የቀረ የኪቦርድ ጥላ ከታየ ስክሪኑን መቀየር እንጂ መጠገን የለም።

መደወያው ላይ *#06# ሲጽፉ የሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር (IMEI) ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ። ሻጩ የጉግል ወይም የአፕል አካውንቱን ከስልኩ አውጥቶ ፊትዎ ሪሴት ያድርገው። ሲከፈት የድሮውን አካውንት ፓስወርድ ከጠየቀ አይክፈሉ።