የጌም ማሽን የሳንቲም በር ስትቀቡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ያለ አንድ ጌም ቤት ሁለት አሮጌ ማሽኖች አስገብቶ ነበር። ሰው የሚያህል ቁመት ያላቸው፣ ቆመው የሚጫወቱባቸው፣ ሳንቲም የሚበሉ ናቸው። ስክሪናቸው ደህና ነው። ጆይስቲካቸውም ይሠራል። የሳንቲም በሮቻቸውን ግን ዝገት በልቷቸዋል። ባለቤቱ "መኪና የቀባህ ሰው ይህ ያቅትሃል?" ብሎ ሁለቱንም በሮች ጋራዥ ድረስ ይዞልኝ መጣ።

እውነትም በሩ፣ ከማሽኑ ፊት ሳንቲም የሚከተትበት የብረት መዝጊያ፣ ትንሽ ነው። በብብት ተይዞ ይሄዳል። ትንሽ ስለሆነም በግማሽ ቀን የሚያልቅ ይመስላል። ግን ከማሽኑ ሁሉ እጅ የሚበዛበት እሱ ነው። ተጫዋቹ ሳንቲም ሲከት ይነካዋል። ሳንቲሙ ሲያዝ በቡጢ ይመታዋል። ሲሸነፍ በጫማው ይለዋል። የመኪና ኮፈን እንኳ ይህን ያህል አይንገላታም። የመጀመሪያውን በር ሁለት ጊዜ ቀብቼዋለሁ። ሁለተኛውን አንድ ጊዜ ብቻ። በመካከል የተማርኩትን ነው የምጽፍላችሁ።

ሳይፈቱ መቀባት

ብዙ ሰው በሩን ማሽኑ ላይ እንዳለ በጋዜጣና በፕላስተር ይሸፍንና ይረጫል። ቀለሙ ግን በሳንቲም ቀዳዳው ሾልኮ ከጀርባ ያለውን ሳንቲም መለያ ያገኘዋል። መለያው ሳንቲሙን በስፋቱ፣ በውፍረቱና በክብደቱ የሚመርጥ ስስ ዕቃ ነው። የአሜሪካ ማሽን ከሆነ የተለካው ለሩብ ዶላር ነው፤ ስፋቱ 24.26 ሚሊ ሜትር። የእኛ የአንድ ብር ሳንቲም ከእሱ ስለሚሰፋ መለያው ካልተቀየረ አያልፍም። በዚህን ያህል ልክ የተሠራ ዕቃ ውስጥ አንድ ጠብታ ቀለም ከደረቀ ሳንቲሙ መንገድ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ፍቱት። መጀመሪያ ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ፤ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ወደ ስክሪኑ ጀርባ እጃችሁን አትስደዱ። የድሮው ባለ ሆድ ስክሪን ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ከበሩ የሚወጣውን እያንዳንዱን ሽቦ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ በፕላስተር ላይ ቁጥር ጻፉበት። ከዚያ መለያውን፣ ቁልፉን፣ መብራቶቹንና ቀይ የሳንቲም መመለሻ መጫኛዎቹን አውጡ። ቀዮቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ቲነር ከነካቸው ይቀልጣሉ። ቡሎንና ዳዶውን በየፌስታሉ ለዩ። ራሳቸው ለስላሳና ክብ የሆኑትን ቡሎኖች ከፊት በኩል በፒንሳ አትታገሏቸው። የሚፈቱት ከውስጥ በዳዷቸው ነው።

ዝገት ላይ መቀባት

ሁለት ጊዜ እንድቀባ ያደረገኝ ይህ ነው።

ማሽኖቹ ባሕር ተሻግረው፣ በጅቡቲ በኩል ገብተው፣ በጭነት መኪና ነው ጎንደር የደረሱት። ብረት የባሕር አየር አይወድም። ከዚያ ደግሞ ወለል ሲወለወል ውኃው ከበሩ ሥር ይቀራል። በመጀመሪያው በር ታችኛው ጠርዝ ላይ ቀለሙ እንደ ብጉር አብጦ ነበር። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ከሥሩ ቡናማ ዱቄት እጄ ላይ ፈሰሰ። ያበጠውን ፋቅሁ፣ ያላበጠውን ግን "ይህስ ጠንካራ ነው" ብዬ ተውኩት። አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል የሥር ቀለም) ቀባሁ፣ ጥቁር ቀለም ቀባሁ፣ አስረከብኩ። ገና ሁለት ወር ሳይሞላው ብጉሩ ከጎን ወጣ።

ጋራዡ ውስጥ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት የቀባ ሽማግሌ አለ። ወስጄ አሳየሁት።

"ጋሸ፣ አንቲረስት ቀብቼው ነበርኮ።"

በሩን ወደ ብርሃን አዘንብሎ አየው። "ልጀ፣ ዝገት እንደ ሰርዶ ነው። ላዩን አጭደህ ሥሩን ብትተውለት መመለሱ አይቀርም። ያበጠው ጠርዝ ላይ አትቁም፤ ነጭ ብረት እስክታይ እለፍ።"

ነጭ ብረት እስኪታይ ማለት እንዲህ ነው። በሽቦ ብሩሽ የላላውን ታራግፋላችሁ። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ትፍቃላችሁ። በ120 ትደግሙታላችሁ፣ በ240 ጭረቱን ታለሳልሳላችሁ። በጉድጓዶቹ ውስጥ ጥቁር ነጥብ ከቀረ እሱም ዝገት ነው። እዚያ ላይ ኮምጣጤ የጠጣ ጨርቅ አስቀምጡ፣ በፌስታል ሸፍኑት፣ ይደር። ጠዋት ይላቀቃል። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጣችሁበት ውኃ እጠቡት፤ አሲዱ እዚያው እንዳይቀር። ወዲያው በጨርቅ፣ ከዚያ በፀሐይ ወይም በፀጉር ማድረቂያ አድርቁት። ኮምጣጤው የሚሆነው ለተራ ብረት ብቻ ነው። በዚንክ የተለበጠውን የውስጥ ዕቃ ወይም በኒኬል ያብለጨለጨውን የሳንቲም መግቢያ ልባጡን ይበላዋል።

የተፋቀውን ብረት በዚያው ቀን አንቲረስት ቀቡት። በክረምት ራቁቱን ካደረ ጠዋት ብርቱካን መስሎ ታገኙታላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልጆች ላሉበት ቤት። በ1970ዎቹና 80ዎቹ የተሠሩ ማሽኖች ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ደረቁን አትፋቁ። ውኃ የማይፈራውን ብርጭቆ ወረቀት ነክራችሁ ፋቁ፣ ማስክ አድርጉ፣ ጭቃውን በጨርቅ ሰብስቡ። ልጆች ከሚጫወቱበት ግቢ ውስጥም አትሥሩ።

ግራይንደር ማንሳት

ይፈጥናል፣ ግን በሩ ቀጭን ላሜራ ነው። ዲስኩ አንድ ቦታ ሲቆይ ብረቱ ይግላል፣ ይጎብጣል። የጎበጠ በር ፍሬሙ ላይ አይገጥምም። በብረቱ ላይ በፊደል የተቀረጸ ነገር ካለም አብሮ ይሄዳል። በእጅ ፋቁ።

ንጹሑን ብረት በእጅ መንካት

በሩን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ምሳ ሄድኩ። ሽሮ ነበር። እጄን ታጥቤአለሁ። ተመልሼ በሩን በጠርዙ ይዤ ወደ መቀቢያው አዞርኩት። ከሁለት ወር በኋላ ባለቤቱ ሲመልስልኝ ከብጉሩ ሌላ አንድ የተላጠ ቦታ ነበረው፤ በላይኛው ቀኝ ጠርዝ፣ ልክ በአውራ ጣት ቅርጽ። አውራ ጣቴን ባስቀምጥበት ገጠመ።

ላብም፣ ቅባትም፣ ሳሙና ላይ ያለ ቅባትም ቀለምን ከብረት ያርቃል። መጀመሪያ በዱቄት ሳሙና እጠቡ። ከዚያ በቲነር በራሰ ነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ነጭ የምላችሁ ቆሻሻው እንዲታይ ነው። ጨርቁ ሲጠቁር ቀይሩት፣ ያለዚያ ቅባቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ማመላለስ ነው። በናፍጣ አትጥረጉ፤ ራሱ ቅባት ነው። ከዚያ በኋላ በሩን በጓንት ብቻ ያዙ።

የማይስማሙ ቀለሞችን መደራረብ

ዱኮን (ቶሎ የሚደርቀውን የመኪና ቀለም) በተራ የዘይት ቀለም ላይ ከረጫችሁት የዱኮው ቲነር የሥሩን ቀለም ያነቃዋል። ዓይናችሁ እያየ እንደ አሮጌ ሰው ፊት ይጨማደዳል። መድኃኒት የለውም፤ ሁሉንም ፍቆ መጀመር ነው። ከአንቲረስቱ እስከ ላዩ ቀለም አንድ ዓይነት ውሰዱ። የድሮው ቀለም በከፊል የሚቆይ ከሆነ ጀርባው ላይ አንድ ጥግ ሞክሩና አሳድሩት።

የእኛ ከተማ ይህን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ፋሲል ግቢ በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶና በአርማታ ተጠጋግኖ ነበር። ኋላ ላይ የመጡት ጠጋኞች ያንን እያነሱ በኖራ መለሱት፤ ግንቡ የተሠራው በኖራ ነውና። እዚያ በር ላይ ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አንዴ ወፍራም አድርጎ መርጨት

የሚረጨውን ቀለም ቆርቆሮ ሁለት ደቂቃ ያህል በደንብ ናጡ። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ራቁ። መርጨት የምትጀምሩት ከበሩ ውጭ ነው፣ የምትጨርሱትም ከበሩ ውጭ። የመጀመሪያው ዙር ብረቱን ባይሸፍን አትደንግጡ፣ መሸፈን የለበትም። ሦስት ወይም አራት ስስ ዙር፣ በየመካከሉ 10 ወይም 15 ደቂቃ። በሩን አጋድማችሁ ብትረጩ አይወርድም። ድጋሚ ለመርጨት ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል፤ አንብቡት። አንዳንዱ ወይ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ወይ ከአንድ ቀን በላይ ቆይቶ ነው የሚለው። በመሃል ከረጫችሁት ይጨማደዳል።

የድሮዎቹ በሮች አብዛኞቹ ጥቁር፣ ደብዛዛና እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሻካራ ናቸው። ሰው "ይብራልኝ" ብሎ አንፀባራቂ ይመርጣል። አንፀባራቂ ቀለም ግን እያንዳንዷን ጉድጓድ ያወጣታል። ስቱኮ (ጉድጓድ መሙያ) ጠጥቶ መስተዋት ካልመሰለ በቀር አያምርም። እኔ ደብዛዛውን እመርጣለሁ። ጠባሳውን ይሸሽጋል፣ የፋብሪካውንም መልክ ይጠብቃል።

ሰማዩን ሳያዩ መጀመር

ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ አይቀርም፣ አየሩም ከዝናቡ በፊት ይረጥባል። በዚህ አየር የተረጨ ቀለም ነጭ ጉም ይይዛል። በበጋ ደግሞ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ወደ ማታ ተረጭቶ ውጭ ያደረ በር ጤዛ ይመታውና ይደበዝዛል። የካቲትና መጋቢት ላይ ነፋሱ አቧራ ያመጣል።

እኔ የምረጨው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ነው። ቀጥታ ፀሐይ ላይ አላወጣውም፤ ላዩ ቶሎ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። ወለሉን ውኃ እረጭበታለሁ፣ አቧራው እንዳይነሳ። በርና መስኮት ክፍት ነው። ማታ በሩ ቤት ይገባል።

ኧርዙን በቀለም መቅበር

ይህን ማንም አይነግራችሁም፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምፈራው እሱን ነው።

ከሽቦዎቹ መካከል አንዱ አረንጓዴ ወይም አረንጓዴና ቢጫ ነው። ጫፉ በበሩ ብረት ላይ በቡሎን ይታሰራል። እሱ ኧርዝ ነው። ውስጥ አንድ ሽቦ ተላጦ በሩን ቢነካ ኤሌክትሪኩ በዚያ ሽቦ ወደ መሬት ይሄዳል፣ ማቋረጫውም ይወድቃል። ቡሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ ከቀባችሁት ቀለሙ መንገዱን ይዘጋል። ያን ጊዜ ወደ መሬት የሚያደርሰው በሩን የነካው ልጅ ይሆናል። እኛ ጋ መብራቱ 220 ቮልት ነው። የአሜሪካ ማሽን በ120 ስለሚሠራ ትራንስፎርመር ይገባለታል፣ ተጨማሪ ሽቦና ተጨማሪ መገጣጠሚያ ማለት ነው።

ከመርጨታችሁ በፊት የኧርዙን ቦታ፣ በበሩም በፍሬሙም ላይ፣ በክብ ፕላስተር ሸፍኑት። በኋላ ፕላስተሩን አንሱ፣ ብረቱ ራቁቱን ይታይ፣ ጥርስ ባለው ሮንዴላ (ከቡሎኑ ሥር የሚገባ የብረት ቀለበት) አጥብቃችሁ እሰሩት። ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ የቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መስመር መፈተሻውን) አንዱን ጫፍ በሩ ላይ፣ ሌላውን በማሽኑ ገመድ መሰኪያ ኧርዝ ላይ አድርጉ። ቴስተሩ ካልጮኸ ማሽኑን አትሰኩት። ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ይየው።

ማጠፊያውንም በዚያው ሸፍኑ። ቀለም የጠጣ ማጠፊያ መጀመሪያ አይዞርም፣ ሲዞር ደግሞ ይላጣል።

ሳይጠነክር መግጠም

በእጅ ሲነኩት የማያጣብቅ ቀለም ገና ለጋ ነው። የዘይት ቀለም በደንብ የሚጠነክረው በሳምንት ገደማ ነው። ባለቤቱ በሦስተኛው ቀን ደወለ፣ ማሽኑ ቆሞ ገቢ እየቀረበት ነበር። አዘንኩለት፣ ግን "ሸጋ ሆኖ ይምጣ ወይስ ይድረስ?" አልኩት። በስምንተኛው ቀን ወሰድኩለት።

ስትገጥሙ ቁልፉን መጨረሻ አድርጉት። ከሥሩም ስስ የፕላስቲክ ቀለበት አስገቡለት። ያለሱ ዳዶው ሲጠብቅ አዲሱን ቀለም ዙሪያውን ክብ አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ውኃም በዚያች ክብ ነው የሚገባው።