«ቻርጅ» ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አክስቴ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። ባለፈው ዓመት ከሜሪላንድ ስልክ ተደወለላት። የልጇ ጓደኛ ነበር። «እትዬ፣ አይደንግጡ እንጂ ትናንት ማታ ቻርጅ አደረጉት» አላት። እሷም ስለ ስልኩ የሚያወራ መስሏት «ታዲያ ምን ያስደነግጣል፣ ይሙላለት!» አለችው። ልጇ ግን ጠጥቶ ነድቷል ተብሎ ተከሶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ይህች ቃል ትከነክነኛለች። እኛ የምናውቃት በስልክ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን ለዋጋም፣ ለክስም፣ ለኃላፊነትም፣ ለባሩድም ይጠራታል።

ከኤሌክትሪክ መጀመር

ትልቁ ስህተት ይኼ ይመስለኛል። ኤሌክትሪክ ለዚህ ቃል ዘግይቶ የተወለደ ልጅ ነው። ሥሩ ጋሪ ነው። ሮማውያን «ካሩስ» የሚሉት ጋሪ ነበራቸው። ስሙን የወሰዱት የዛሬዋ ፈረንሳይ ምድር ላይ ይኖሩ ከነበሩት ጎሎች ነው። ከዚያ «ካሪካሬ» የሚል ግስ ወጣ፤ ጋሪ ላይ መጫን ማለት ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል አድርጎ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ገባ። ፈረንሳዮች ዛሬ «ሻርዥ» ነው የሚሉት፤ እንግሊዞች የድሮውን «ቻ» ይዘው ቀሩ።

«መጫን» ብላችሁ ከተነሳችሁ ሌላው ራሱ ይመጣል። ሰው ላይ ሥራ ሲጫንበት ኃላፊነት፣ ክፍያ ሲጫንበት ዋጋ፣ ጥፋት ሲጫንበት ክስ ሆነ። ለእኛ እንግዳ አይደለም። ግብር እንጭናለን፣ ጥፋትም እናሸክማለን። የማንስማማው ጠመንጃው ላይ ነው፦ እነሱ ይጭኑታል፣ እኛ እናጎርሰዋለን። የእኛ ትበልጣለች ባይ ነኝ።

ኤሌክትሪክ የመጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1740ዎቹ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ፊላደልፊያ ሆኖ በላይደን ጠርሙስ ይሞክር ነበር። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም፣ በብረት የተለበጠ ጠርሙስ ነው። ሲሞላ ልክ እንደ ጠመንጃ «ቻርጅ ሆነ» እያለ ጻፈ። እንደ ጠርሙሱ በብረት የተለበጡ ብዙ የመስታወት ሰሌዳዎችን አንድ ላይ ሲያያይዝ ደግሞ «ባትሪ» አላቸው። ባትሪ ያኔ የመድፎች ረድፍ ስም ነበር። «ባትሪዬ ቻርጅ የለውም» ስንል ሁለት የጦር ሜዳ ቃላት ኪሳችን ውስጥ አሉ ማለት ነው።

ክስን ከፍርድ ጋር ማምታታት

አሜሪካ ለሚኖር ሰው ይኼ ቀልድ አይደለም። «አሬስትድ» ማለት ፖሊስ ያዘው ማለት ነው። «ቻርጅድ» ማለት ክስ ቀረበበት። «ኮንቪክትድ» ማለት ጥፋተኛ ተባለ። ሰው ተይዞ ሳይከሰስ ሊለቀቅ ይችላል፤ ተከሶም ነፃ ሊወጣ ይችላል። የሥራም ሆነ የኢሚግሬሽን ፎርም ላይ እነዚህን አንድ አድርጎ መሙላት መዘዝ አለው። ተከሶ ነፃ የወጣ ሰው «ኮንቪክትድ» የሚለው ላይ «አዎ» ካለ ራሱን ያለ ዳኛ ፈረደበት። «አሬስትድ» ወይም «ቻርጅድ» ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ «ነፃ ወጥቻለሁ እኮ» ብሎ «አይደለም» ቢል ዋሸ ይባላል። ጥያቄው የትኛውን እንደሚጠይቅ ቃል በቃል አንብቡ።

ቻርጁ «ድሮፕ ሆነ» ከተባለ ክሱ ተነሳ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ በአማርኛም ክስ እንደ ቤት ይመሠረታል፤ ሲቀር ግን እንደ ሸክም ይነሳል።

ትንንሾቹን ቃላት መዝለል

ከ«ቻርጅ» ቀጥሎ ገንዘብ ከመጣ አስከፈሉ ማለት ነው። «ዊዝ» ከመጣ ቀጥሎ የሚመጣው ወንጀል ነው። «አት» ከመጣ አንዱ ተንደርድሮ እየመጣ ነውና ዘወር በሉ።

ከሁሉም ተንኮለኛው ግን «ዘ» ነው። «ኢን ቻርጅ ኦፍ» ያለ ሰው ኃላፊ ነው። መሐል ላይ «ዘ» ገብቶ «ኢን ዘ ቻርጅ ኦፍ» ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰውየው በሌላ ሰው ኃላፊነት ሥር ነው። ሞግዚቷ «ኢን ቻርጅ» ናት፤ ሕፃኑ «ኢን ዘ ቻርጅ» ነው። ኤምባሲ ውስጥ አምባሳደር ሲጠፋ የሚተካው «ሻርዤ ዳፌር»ም ከዚሁ ቤት ነው። ጉዳይ የተጫነበት ማለት ነው። በአማርኛ «ጉዳይ ፈጻሚ» እንለዋለን።

«ዲስቻርጅ»ን የሆስፒታል ብቻ ማድረግ

«ዲስ» ሲጨመር ሸክሙ ይራገፋል። ታካሚ ከሆስፒታል ሲወጣ፣ ወታደር ሲሰናበት፣ ዕዳ ሲሰረዝ፣ ጥይት ሲተኮስ ሁሉም «ዲስቻርጅ» ነው። ነርስ ቁስላችሁን እያየች «ዲስቻርጅ አለው?» ካለቻችሁ ግን «ትናንት ወጣሁ» አትበሉ። የጠየቀችው ስለሚፈሰው መግል ነው።

ዘመድ ያልሆነውን ዘመድ ማድረግ

«ካርድ» ቻርጅ ስለሚደረግ ብዙ ሰው አንድ ሥር ያላቸው ይመስለዋል። አይደሉም። «ካርድ» የወረቀት ቤተሰብ ነው፣ «ካርታ»ም እዚያው ነው። የ«ቻርጅ» እውነተኛ ዘመዶች ዕቃ የሚጫንበት «ካርጎ»፣ መልክን አጋንኖ የሚጭን ሥዕል «ካሪካቸር» እና «ካር» ራሱ ናቸው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ «መኪናዬን ቻርጅ ላድርግ» ማለት የተለመደ ሆኗል። የጥንቱ ሮማዊ ነጋዴ ይህን ቢሰማ ሥሩን ብቻ ይዞ የሚገባው «ጋሪዬን ልጫን» ብሎ ነው። ለአክስቴ ይህን ስነግራት «እሱስ ቢያንስ ጋሪ ገባው» አለችኝ።