ፌጦን ለለጋ ቅጠሉ በቤት ውስጥ ማብቀል
ፍሬው ለመድኃኒትነት የሚፈለገው ፌጦ፣ በ10 ቀን ገደማ የሚያቃጥል ለጋ ቅጠል ይሰጣል። ለምግብ የሚሸጠው ፍሬ ይበጠራል፤ በፀረ ተባይ የታሸ ዘር ግን ፈጽሞ አይሆንም። ከሥሩ በተበሳ ዝርግ ዕቃ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል የተነፋ አፈር አልብሶ ካረጠቡ በኋላ ፍሬውን ሳይደራርቡ መበተን ነው። ፌጦ እንደ ባቄላ አይዘፈዘፍም፤ ውኃ ሲነካው እንደ ተልባ ስለሚዝለገለግ ፍሬዎቹ ተጣብቀው ለመበተን ያስቸግራሉ፣ አፈርም አይመለስበትም።

በደሴ ሌሊቱ ስለሚበርድ፣ ዕቃውን ማታ ማታ ሞቅ ወዳለ ማዕድ ቤት ማስገባት ብቅለቱን ያፋጥናል፤ ሞቃታማ በሆነው ኮምቦልቻ ግን ይበልጥ የሚያሳስበው የአፈሩ ቶሎ መድረቅ ነው። ቡቃያው ብቅ እንዳለ ብርሃን ወዳለበት መስኮት ይዛወራል፤ ሻጋታ እንዳይዘው ውኃውን ከላይ ከማፍሰስ ይልቅ ዕቃውን ውኃ በያዘ ትሪ ላይ ጥቂት ማቆየት ይሻላል። 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ከአፈሩ ከፍ አድርጎ በመቀስ ቆርጦ ማጠብ ነው።